ድንጋይ ከነአድራሻው

(በአምስት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል። በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ ተካተዋል።)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ድንጋይ ይወራል ተብላችሁ፣ ያውም በሥራ ቀን ማታ፣ ወንበሩን መሙላታችሁ ደስ ይላል። ስለ ወርቅ ቢሆን አልገረምም ነበር።

ከአራት ኪሎ በእግሩ የመጣ ሰው ካለ ትምህርቱን መንገድ ላይ ጀምሮታል። ውስጥ ለውስጥ ሲመጣ የረገጠውን ኮብልስቶን ማለቴ ነው። እስቲ ስትመለሱ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ጠቆር ያለው ባዛልት ነው፤ ቀልጦ ፈስሶ፣ ቀዝቅዞ የደረቀ አለት። አንዳንዱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። አለቱ ገና ትኩስ እያለ ጋዝ ያመለጠባቸው ናቸው። ከቀዳዳዎቹ ጥቂቶቹ በነጭ ማዕድን ተሞልተው ታገኛላችሁ። እሱን ያመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ በአለቱ ውስጥ ሲመላለስ የኖረ ውሃ ነው። ግራጫ መልክ ያለውና ሌላ የድንጋይ ስብርባሪ የተሰነቀረበት ደግሞ ከጋለ የእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አንጥፈን ባጃጅ እንነዳባቸዋለን።

ከተማዋ ራሷ የእሳተ ገሞራ ልጅ ናት። እንጦጦ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ወጨጫ፣ ፉሪና የረር በዕድሜ ከእሱ በጣም ያንሳሉ። እነሱም በዘመናቸው እሳተ ገሞራ ነበሩ። ፍልውሃን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ እታች ይሞቃል፣ ከዚያ በመሬት ስንጥቅ በኩል ተመልሶ ይወጣል። እቴጌ ጣይቱን በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደዚህ ያማለላቸው ይኼው ውሃ ነው። ዋና ከተማችን የት ትቆርቆር በሚለው ጉዳይ ላይ አንድ ስንጥቅም ድምፅ ሰጥቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ይኼን ታሪክ ለልጃችሁ ልታሳዩ ብትፈልጉ የት ትወስዱታላችሁ? የሰው ዘር ታሪክ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ብሔራዊ ሙዚየም እዚሁ አጠገባችን ነው። ድንጋዩን ከሆነ ግን ነገሩ ይጠጥራል። ጥሩ ጥሩ ስብስቦች አሉ። በአራት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ በየጂኦሎጂስቱ ጋራዥም ሳይቀር። ችግሩ ብዙዎቹን ለማየት ወይ ተማሪ መሆን፣ ወይ ሰው ማወቅ፣ ወይ የትብብር ደብዳቤ መያዝ ያስፈልጋል። የሰባት ዓመት ልጅ የትብብር ደብዳቤ ከየት ያመጣል?

ዛሬ ይዤ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። ድንጋይና ቅሪተ አካል ቅርስ የሚሆነው ከነአድራሻው ሲቀመጥ ነው። የት ተገኘ? ከየትኛው ንብርብር ወጣ? ከላዩ ምን ነበር፣ ከሥሩስ? ማን አነሣው፣ መቼ? ይኼ ከጠፋ በእጃችን የሚቀረው ቆንጆ ጠጠር ነው። ሙዚየም ደግሞ ከሁሉ በፊት አድራሻ ጠባቂ ቤት ነው። መስታወቱና መብራቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

በምናውቃት በድንቅነሽ ልጀምር። ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ። የተገኘችው በኛ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ነው። ቀኑን ልብ በሉት። በዋዜማው ሌሊት እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ተረሽነዋል። አገሩ እንደዚያ ሲታመስ ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ በረሃ ላይ አንዲት የክንድ አጥንት አዩ። እየተለቀመ ሲሄድ ከአጽሟ 40 በመቶ ገደማው ተገኘ።

ሁሉም ጆሃንሰንን ያስታውሳል። ሐዳርን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ግን ሞሪስ ታይብ የሚባል ፈረንሳዊ ጂኦሎጂስት ነው። የአዋሽን ተፋሰስ አፈር ሲያጠና ነው እዚያ የደረሰው። አጥንት ፈላጊዎቹ የመጡት እሱ መንገዱን ካሳየ በኋላ ነው። የሙያ ወገንተኝነት አትበሉኝና፣ ይኼ ሰው እዚህ አገር የሚገባውን ያህል አይጠራም።

ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ሲባል ሰምታችኋል። በምን ታወቀ? አጥንቷን ለክቶ ዕድሜዋን ያወቀ ሰው የለም። ያን ያህል ባረጀ አጥንት ላይ የሚሠራ መለኪያ አልተገኘም። ዕድሜዋን የተናገረው ከሥሯ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ፌልድስፓር የሚባሉ ደቃቃ ክሪስታሎች አሉ። በውስጣቸው ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ በጣም ቀስ እያለ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል። ክሪስታሉ ገና በእሳተ ገሞራው ግለት ውስጥ ሳለ ጋዙ ይወጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን መውጫ የለውም። ስለዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ክሪስታሉን በሌዘር ጨረር አቅልጦ የታሰረውን አርገን መለካት ነው። በዚህ መንገድ ከድንቅነሽ ሥር ያለው አመድ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ። እሷ ከላዩ ስለነበረች ከዚያ ትንሽ ታንሳለች።

አሁን አስቡት። አንድ ሰው አጥንቷን ከመሬት አንሥቶ ቦታውን ሳይመዘግብ ቢመጣ ኖሮ? አጽሟ ያው አጽም ነው። ዕድሜዋን ግን አናውቀውም ነበር።

በአገራችን ደቡብ ካለው ከኦሞ ኪቢሽ የበለጠ ይኼን የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን እዚያ የዘመናዊ ሰው አጽም አገኘ። ያኔ የተገመተው ዕድሜ 130,000 ዓመት ገደማ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሌሎች ተመራማሪዎች ተመለሱ። የድሮውን ካርታና የዚያን ጊዜ የተነሣውን ምስል ይዘው ትክክለኛዋን ቦታ አገኟት። መሬት ላይ ደግሞ የቀሩ ቁርጥራጮች ነበሩ። አንዱ የጭን አጥንት ቁራጭ በ1967 ከተገኘው ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ! በ2005 የአመዱ ንብርብር እንደገና ተለክቶ ዕድሜው ወደ 195,000 ከፍ አለ። በ2022 ደግሞ ከአጽሙ በላይ ያለው አመድ ከየት እንደመጣ ታወቀ። ከሻላ ነው። ያ ዛሬ ሐይቅ ሆኖ የምናየው ሻላ፣ ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት አመዱን እስከ ኦሞ አልብሶታል። ፍንዳታው 233,000 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። አመዱ ከላይ ስለሆነ አጽሙ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አጥንቱ ላይ አንዳች የተለወጠ ነገር የለም። ተመልሶ መሄድ የተቻለው ግን አድራሻው ስለተጻፈ ነው።

አመድ ካነሣን፣ በኛ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቷል። ሲፈነዳ በታሪክ የተመዘገበበት ጊዜ አልነበረም። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሰማይ ደረሰ፤ አውሮፕላን አስተጓጎለ። የአፍዴራ አካባቢ ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ። ለአርብቶ አደሩ መከራ ነው፤ ይኼን ማቃለል አልፈልግም። ለሙዚየም ግን ከዚያ አመድ አንድ ብልቃጥ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት፣ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ነበረበት። አንድ ልጅ መጥቶ አጠገቡ የሐዳርን አመድ ቢያይ፣ የሦስት ሚሊዮን ዓመቱ ነገር አፈ ታሪክ አይመስለውም።

አንዳንድ ሰው ቅሪተ አካል ፍለጋን እንደ ሽርሽር ያየዋል። በ2016 ወራንሶ ሚሌ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የአፋር ሰው የላይኛውን መንጋጋ ቁራጭ አገኘ። ከዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ቡድን ጋር ሆነው ቦታውን ሲያዩ ትልቁ የራስ ቅል ክፍልም ወጣ። የቀሩት ቁርጥራጮች ያሉት ግን የፍየል በጠጥ የተከመረበት ቦታ ላይ ነው። ምን ይደረጋል? ሳይንቲስቶቹ በጉልበታቸው ተንበርክከው በጠጡን በወንፊት ነፉት። ውጤቱ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ነው፤ በ2019 ይፋ ሲሆን የዓለም ጋዜጦች ፊት ገጽ ላይ ወጣ። በጠጡ ፎቶ ላይ አልታየም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ እዚህ ሰፈር ነው የሚሠራው። አፋር፣ ዲኪካ ላይ የተገኘችው ሕፃን ሰላም በ2000 ስትገኝ ፊቷና አካሏ በጠነከረ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አሸዋውን ፍሬ በፍሬ ሲያራግፍ ከአምስት ዓመት በላይ ወሰደ። ሕፃኗ የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ጠብቃ ገና አምስት ዓመት ጨመሩባት። ሌላዋ የአፋር ቅሪተ አካል፣ አርዲ፣ የባሰች ነበረች። ባለ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ አጥንቷ ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። በማጠንከሪያ ፈሳሽ እየነከሩ፣ በጄሶ እየጠቀለሉ ነው ያመጧት። ከተገኘችበት ከ1994 እስከ ታተመችበት 2009 ድረስ 15 ዓመት ሄደ።

አንዲት ትንሽ ነገር ላንሣ፤ ሙጫው። የተሰበረ ቅሪተ አካል በሱቅ ሙጫ አይለጠፍም። ጥሩ ቤተ ሙከራ የሚጠቀመው በአሴቶን መልሶ የሚለቅ ሙጫ ነው። አሴቶን ጥፍር ቀለም የምታስለቅቁበት ነው። ለምን ቢባል፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ የኛን አገጣጠም ላይወደው ይችላል። ፈትቶ እንደገና የመግጠም መብቱን ልንተውለት ይገባል። ሙጫው ምን እንደሆነም መዝገቡ ላይ ይጻፋል።

ሙዚየም ራሱ ቢጠፋስ? ጠፍቶ ያውቃል። የፔኪንግ ሰው የሚባሉት ቅሪተ አካላት በ1941 በጦርነቱ ግርግር ከቻይና ሊወጡ ሲታሸጉ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከግብፅ የሄደው የስፓይኖሶረስ ዳይኖሰር አጥንት በ1944 ሙኒክ ላይ በቦምብ ተቃጠለ። የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም በ2018 በአንድ ሌሊት ነደደ። የፔኪንግ ሰው ዛሬም የሚጠናው ከመጥፋቱ በፊት ጥሩ ቅጂ ስለተሠራለት ነው። ስፓይኖሶረስም ሥዕሉና ፎቶው ተርፈዋል። ስለዚህ ብሔራዊ ሙዚየም ገብታችሁ «ይቺ እኮ ቅጂ ናት» ብላችሁ ከንፈር አትምጠጡ። ቅጂ የመድን ዋስትና ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አጥንት ነው፤ አጥንት ዘመድ አለው፣ የሚያለቅስለት አያጣም። ድንጋይ ግን ማንም የለውም።

ዓባይ በረሃን ውሰዱ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ለጂኦሎጂ ተማሪ ትልቁ የመማሪያ ክፍል ነው። ከላይ ባዛልቱ፣ ወረድ ሲል የኖራ ድንጋዩ፣ ከታች የአሸዋ ድንጋዩ። ኖራው ድንጋይ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ሞልቷል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ እዚያ ባሕር ነበር። ያው ዓይነት አለት በሙገር ሸለቆ ተቆፍሮ ሲሚንቶ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ግድግዳው ውስጥ የጥንት ባሕር ዛጎል አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲሚንቶ ይቁም አልልም፤ እኔም ቤት ያስፈልገኛል። ግን ከየድንጋይ ካባው ፊት፣ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ጥቂት ናሙና ከነንብርብሩ ቢቀመጥ ፋብሪካውን ስንት ያስወጣዋል? የአንድ መኪና ጭነት አይሞላም።

ኦፓልም እንደዚያው ነው። የወሎው ኦፓል፣ ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው፣ ከ2008 ወዲህ ዓለም ያወቀው ነው። ጠባዩ የተለየ ነው። ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት ይጠጣል፤ ቀለሙ ይጠፋና መስታወት ይመስላል። ደርቆ ሲመለስ ያ የእሳት ጨዋታው ይመለሳል። ገዢ ሁሉ የሚያየው ይኼን ቀለም ነው። ለጂኦሎጂስት ግን ኦፓሉ ከነእናት ድንጋዩ ሲሆን ነው የሚናገረው። በዚያ የአመድ አለት ውስጥ በየትኛዋ ቀጭን ሽፋን ላይ ተቀምጦ ነበር? ተጠርቦና ተወልውሎ ሱቅ ከደረሰ በኋላ ይኼን የሚመልስ የለም።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን መሃል ከተማ ያለው ነው። ፎቅ ሊሠራ ሲታሰብ መሬቱ በማሽን ይበሳል፤ አንዳንዴ 30 ሜትርና ከዚያ በላይ። ከውስጥ እንደ ዱላ የተጠረበ ድንጋይ ይወጣል፤ ኮር ይባላል። በሣጥን ተደርድሮ ሜትሩ ይጻፍበታል። ይኼ የአዲስ አበባ የውስጥ ታሪክ ነው፤ ከነአድራሻው! ሪፖርቱ ከገባ በኋላስ? አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠራው ሳይት፣ የኮሩን ሣጥን ለማገዶ ሲፈልጡት ደረስኩ። ድንጋዩ ተዘርግፎ የጭቃ መሸጋገሪያ ሆኗል። ጥበቃውን ብጠይቀው «ውሰደው፣ ድንጋይ ነው እኮ» አለኝ። እሱ ላይ አልፈርድም። የሚያስረክብበት ቤት አላበጀንለትም።

ስለዚህ የምመኘው ሙዚየም ትልቅ አይደለም። እብነ በረድ የለበሰ አዳራሽ አልጠይቅም። ጥሩ መጋዘን፣ ደረቅ አየር፣ እሳት የማይበላው መዝገብ፣ ሁለት ሦስት ክፍል ማሳያ ይበቃል። የከተማው ኮር አንድ ግድግዳ ላይ ይቁም፤ ከሜክሲኮ፣ ከለገሃር፣ ከፒያሳ፣ ከፍልውሃ። ልጆች እጃቸውን ያሳርፉበት። ድንጋይ ቢነካ አይከፋውም። ታንዛኒያና ሞሮኮ በዩኔስኮ የታወቀ ጂኦፓርክ፣ ማለትም የመሬት ቅርስ የሚጠበቅበትና የሚጎበኝበት ስፍራ፣ አላቸው። የኛ ደናክል በ2022 በዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ሳይንስ ኅብረት ከመጀመሪያዎቹ 100 የዓለም ጂኦሎጂ ቅርሶች መካከል ተቆጥሯል። ጥሬ ዕቃው ሞልቶናል።

ጥያቄ ካለ እዚህ ላይ ልቁም።

አንድ አባት ተነሡ። ዋናዋ ድንቅነሽ ለፈረንጅ ስትታይ ለምን ለእኛ እንደምትደበቅ ጠየቁ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ጋሼ፣ ቅሬታዎ ልክ ነው። ከ2007 እስከ 2013 አሜሪካ ነበረች። በ2025 ከሰላም ጋር ፕራግ ሄዳ ታይታለች። በ2015 ደግሞ ኦባማ ሲመጡ ነክተዋታል። (ሳቅ) ጉዞው ጥቅም አልነበረውም ማለት አልችልም። በ2008 ቴክሳስ ላይ በሲቲ ስካን ተነሥታ ከ35,000 በላይ ምስል ወጥቶላታል። ዛሬ ትምህርት ቤት በሦስት ዳይሜንሽን ማተሚያ የአጥንቷን ቅጂ ማተም ይችላል። ግን አጥንት በተጓዘ ቁጥር አደጋ አለው። ለፕራግ ሕዝብ ከካዝና ከወጣች፣ ለአዲስ አበባ ሕዝብም በዓመት ጥቂት ቀን መውጣት አለባት ባይ ነኝ። በዚያ ላይ ሻንጣ አያስፈልጋትም።

አንዲት ተማሪ ከዓባይ በረሃ ያመጣቻቸው ዛጎሎች ቤቷ በፌስታል እንዳሉ ነገረችን።

እኅቴ፣ ዛሬ ማታውኑ ሥሪው። በእርሳስ ጻፊ፤ እስክሪብቶ ይደበዝዛል። ቦታው፣ ቀኑ፣ ከአስፋልቱ በየት በኩል፣ ከየትኛው ንብርብር። ከወደቀ ድንጋይ ከሆነ ያነሣሽው «ከወደቀ» ብለሽ ጻፊ። እያንዳንዱን ለብቻው ጠቅልይ። ከዚያ ለትምህርት ክፍልሽ ስጪ። በሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ፎቶ አንሥተሽ ድንጋዩን እዚያው ተይው።

የመጨረሻው ጠያቂ ወጣት መሐንዲስ ነው። ሳይት ላይ ሲቆፈር አጥንት ወይም ያልተለመደ ነገር ቢወጣ ምን ይደረግ አለ።

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በግንባታ፣ በመንገድ ወይም በማዕድን ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቀው ያዛል። የምታሳውቀው ለቅርስ ባለሥልጣን ነው። እስከዚያ አትጎትተው፣ አትጠበው። ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠህ ፎቶ አንሣ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ራቅ ብለህ ደግሞ የጉድጓዱን ግድግዳ ሙሉ አንሣው። ጥልቀቱን በሜትር ለካ። የስልክህን ጂፒኤስ ቁጥር ጻፍ።

«ሥራ ይቆማል ብሎ ባለቤቱ ቢቆጣስ?»

መቆጣቱ አይቀርም። ያቺን ጥግ በገመድ አጥራችሁ በሌላው በኩል መቀጠል ብዙ ጊዜ ይቻላል። ቶሎ ሲነገር ቶሎ ያልቃል። አንተ ግን ጥያቄህ የነገ አይመስለኝም፤ ፎቶ እንዳለህ ፊትህ ላይ ያስታውቃል። ሰዉ ሳይበተን መጥተህ ስልክህን አሳየኝ።